ኒውትሮፊል አንቂ ፕሮቲን

ኒውትሮፊል አንቂ ፕሮቲን (ባጭሩ ናፕ) ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የተባለው የጨጓራ ባክቴሪያ ከሚሠራቸው ፕሮቲኖች አንዱ ነው። ስያሜውን ያገኘው ኒውትሮፊል የሚባሉትን ነጭ የደም ሕዋሳት ወደ ጨጓራ ግድግዳ ስለሚስብና ለውጊያ ስለሚያነቃ ነው። መነቃቃቱ ባክቴሪያውን ጠርጎ አያጠፋም፤ ይልቁንም ለዓመታት የሚቆይ የጨጓራ ብግነት እንዲፈጠር ያግዛል። በሌላ በኩል ይኸው የሰውነትን የመከላከል ሥርዓት የመቀስቀስ ችሎታው የተመራማሪዎችን ትኩረት ስቧል። ፕሮቲኑ ለክትባት፣ ለአለርጂና ለካንሰር ሕክምና ይውል እንደሆነ እየተጠና ሲሆን፣ የአብዛኛው ጥናት ማስረጃ ግን ከቤተ ሙከራና ከአይጥ የተገኘ ነው።

ባክቴሪያው

ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ (በጤና ተቋማት በተለምዶ ኤች ፓይሎሪ) ጠመዝማዛ ቅርጽ ያለውና በጨጓራ ንፍጥ ውስጥ የሚኖር ባክቴሪያ ነው። ዩሪኤዝ በተባለ ኢንዛይም ዩሪያን ወደ አሞንያ እየለወጠ በዙሪያው ያለውን አሲድ ያለዝባል፤ በጅራቶቹ እየዋኘም ወደ ንፍጡ ጥልቅ ክፍል ይገባል። ባክቴሪያውን ለመጀመሪያ ጊዜ ማራባት የቻሉት አውስትራሊያውያኑ ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን ሲሆኑ፣ ይህም የሆነው እ.ኤ.አ. በ1982 በፐርዝ ከተማ ነው። ያን ጊዜ የፋሲካ በዓል ስለነበረ ሳህኖቹ ከተለመደው ጊዜ በላይ በማሞቂያው ውስጥ ቆዩ፤ ቀስ ብሎ የሚያድገው ባክቴሪያም በዚህ አጋጣሚ ታየ። ማርሻል እ.ኤ.አ. በ1984 ባክቴሪያውን ራሱ ጠጥቶ የጨጓራ ብግነት እንደያዘው አሳየ። ሁለቱ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ2005 የሕክምና ኖቤል ሽልማት አግኝተዋል። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ተቋም ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1994 ባክቴሪያውን በሰው ላይ ካንሰር ከሚያመጡ ነገሮች የመጀመሪያ ምድብ ውስጥ አስገብቶታል።

ባክቴሪያው ከሰው ልጅ ጋር ያለው ዝምድና እጅግ የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣ የዘረመል ጥናት እንዳመለከተው፣ ከምሥራቅ አፍሪካ በተራቀ ቁጥር የባክቴሪያው የዘረመል ልዩነት እየቀነሰ ይሄዳል። የሰውም ዘረመል የሚያሳየው ተመሳሳይ ነገር ነው። አጥኚዎቹ ከዚህ በመነሣት ባክቴሪያው ከ58,000 ዓመት ገደማ በፊት ከሰዎች ጋር ከምሥራቅ አፍሪካ መውጣቱን ገምተዋል።

ግኝትና አወቃቀር

በውኃ የተዘጋጀ የባክቴሪያው ጭማቂ ኒውትሮፊሎችን እንደሚያነቃ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ይታወቅ ነበር። ለዚህ ተጠያቂ የሆነውን ፕሮቲን እ.ኤ.አ. በ1995 ለይተው ያቀረቡት ዶይል ኤቫንስና ባልደረቦቹ ናቸው። የጣሊያኑ ፓዶቫ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች፣ በተለይም የቼዛሬ ሞንቴኩኮና የማሪና ደ በርናርድ ቡድኖች፣ በቀጣዮቹ ዓመታት የፕሮቲኑን ቅርጽና አሠራር በሰፊው አጥንተዋል።

ፕሮቲኑን የሚያዘው ዘረመል ናፕኤ ይባላል። አንዱ ነጠላ ክፍል 17 ኪሎዳልተን ያህል ይመዝናል፤ አሥራ ሁለቱ ሲገጣጠሙ መሐሉ ባዶ የሆነ ክብ ቅርፊት ይሠራሉ። ባዶው መሐል እስከ 500 የሚደርሱ የብረት አተሞችን መያዝ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2002 በኤክስሬይ የተገኘው የፕሮቲኑ ምስል እያንዳንዱ ክፍል አራት ጥምዝ ዘንጎች ያሉት ጥቅል መሆኑን አሳይቷል። የቅርፊቱ ውጫዊ ገጽ አዎንታዊ የኤሌክትሪክ ሙሌት ይበዛበታል፤ ተመራማሪዎች ይህን ኒውትሮፊልን ከማንቃት ችሎታው ጋር ያያይዙታል። ኮምፒውተርና ኢንተርኔት ያለው ማንኛውም ተማሪ የዚህን ቅርጽ ፋይል በዓለም አቀፉ የፕሮቲን ዳታ ባንክ በመለያ ቁጥር 1ጄአይ4 አውርዶ በነጻ ሶፍትዌር እያገላበጠ ሊያየው ይችላል።

ናፕ በብዙ ባክቴሪያዎች ውስጥ ከሚገኝ የፕሮቲን ቤተሰብ ይመደባል። የቤተሰቡ ዋና ሥራ ምግብ ሲያጥር ወይም ኦክስጅን ነክ መርዞች ሲበዙ ዲ ኤን ኤን መጠበቅ ነው። ጥበቃው የሚከናወነው እንዲህ ነው፤ ልቅ ብረትና ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ሲገናኙ ዲ ኤን ኤን የሚበጣጥስ መርዝ ይፈጠራል። ፕሮቲኑ ብረቱን በፐርኦክሳይዱ እያዛገ በመሐሉ ስለሚያስቀምጠው ሁለቱም ከመንገድ ይወገዳሉ። ናፕኤ የጎደላቸው ባክቴሪያዎች ኦክስጅንን በደንብ አይቋቋሙም፤ በአይጥ ጨጓራም ውስጥ ለመስፈር ይቸገራሉ። ብረት ስለሚይዝ ብቻ የባክቴሪያው የብረት ጎተራ አድርጎ መውሰድ ግን ልክ አይደለም፤ ያንን ሥራ በዋናነት የሚሠራው ፌሪቲን የተባለው ሌላ ፕሮቲን ነው።

በበሽታ ውስጥ ያለው ሚና

እዚህ ላይ አንድ እንግዳ ነገር አለ። ባክቴሪያውን ከኦክስጅን መርዝ የሚጠብቀው ፕሮቲን ራሱ፣ ከባክቴሪያው ከወጣ በኋላ የሰው ሕዋሳት ያንኑ መርዝ እንዲያመርቱ ያደርጋል። ናፕ አብዛኛው በባክቴሪያው ውስጥ ይገኛል፤ አንዳንድ ባክቴሪያዎች ሲሞቱና ሲፈነዱ ግን ይፈስሳል፤ በሌሎቹ ባክቴሪያዎች ገጽ ላይም ይለጠፋል። በተጎዳው የጨጓራ ሽፋን በኩል ወደ ውስጥ ሰርጎ የደም ሥሮች አካባቢ ሲደርስ፣ በደም ውስጥ የሚያልፉት ኒውትሮፊሎች ከሥሩ ግድግዳ ጋር እንዲጣበቁና ወደ ሕብረ ሕዋሱ እንዲሻገሩ ያደርጋል።

የደረሱት ኒውትሮፊሎች ጠላትን ለመግደል የተሠራውን ኢንዛይማቸውን አስነሥተው ሱፐርኦክሳይድንና ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድን ይረጫሉ። ባክቴሪያው በንፍጡ ውስጥ ስላለና መከላከያም ስላለው በአብዛኛው ይተርፋል፤ የሚጎዳው የጨጓራው ሽፋን ነው። ከተጎዳው ሽፋን የሚወጣው ንጥረ ነገር ለባክቴሪያው ምግብ ይሆነዋል የሚል ግምትም አለ። ይህ እውነት ከሆነ ብግነቱ ለባክቴሪያው የኑሮ ዘዴ ነው ማለት ይቻላል።

ፕሮቲኑ የሚነካቸው ሕዋሳት ኒውትሮፊሎች ብቻ አይደሉም። ማስት ሕዋሳት በውስጣቸው የያዙትን ኬሚካል እንዲለቅቁ ያደርጋል። ሞኖሳይቶች ደም የሚያረጋ ንጥረ ነገርና የረጋውን ደም መሟሟት የሚያግድ ሌላ ፕሮቲን እንዲያመርቱ ያደርጋል፤ በዚህም ምክንያት የቁስል መዳንን ሊያዘገይ እንደሚችል ተጠቁሟል።

ከሁሉም በላይ የተጠናው በቲ ሕዋሳት ላይ ያለው ተጽዕኖ ነው። ቲ ሕዋሳት ሲታዘዙ በተለያየ አቅጣጫ ይሰለፋሉ። ቲ ኤች 1 የሚባለው ወገን በሕዋስ ውስጥ የሚደበቁ ተሕዋስያንንና የካንሰር ሕዋሳትን ለመዋጋት ይስማማል፤ ብግነቱም ብርቱ ነው። ቲ ኤች 2 የሚባለው ደግሞ ትላትልን ለመከላከል ይነሣል፤ ያለ ቦታው ሲነሣ አስምንና አለርጂን ያመጣል። በፍሎረንስና በፓዶቫ የሚገኙ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 እንዳሳዩት፣ ናፕ በመከላከያ ሕዋሳት ላይ ያለውን ቲ ኤል አር 2 የተባለ ተቀባይ ነክቶ ኢንተርሊውኪን 12 እና ኢንተርሊውኪን 23 እንዲመረቱ ያደርጋል፤ እነዚህም ቲ ሕዋሳቱን ወደ ቲ ኤች 1 ይገፏቸዋል። ባክቴሪያው ካለባቸው ሕሙማን ጨጓራ በተወሰደ ናሙናም ናፕን ለይተው የሚያውቁ እንዲህ ያሉ ሕዋሳት ተገኝተዋል። ስለ ሕክምና ጥቅሙ ከዚህ በታች የሚነገረው ሁሉ በዚህ ግኝት ላይ የቆመ ነው።

ናፕን ከሌሎቹ የባክቴሪያው ጎጂ ፕሮቲኖች ጋር ማምታታት አይገባም። ካግኤ የተባለው ፕሮቲን በመርፌ መሰል መሣሪያ በቀጥታ ወደ ጨጓራ ሕዋስ ተወግቶ የሚገባ ሲሆን ከካንሰር ጋር ያለው ግንኙነት ከሁሉም የጠነከረ ነው። ቫክኤ ደግሞ በሕዋሳት ውስጥ ክፍተት የሚፈጥር መርዝ ነው። የካግኤ ዘረመል የሌላቸው ብዙ የባክቴሪያው ዝርያዎች አሉ፤ ናፕኤ ግን በሁሉም ዝርያዎች ለማለት በሚቻል መጠን ይገኛል። ለክትባት የታጨበት አንዱ ምክንያትም ይህ ነው።

በኢትዮጵያ

በኢትዮጵያ የተደረጉ ጥናቶችን አሰባስቦ እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ግምገማ፣ ከተመረመሩት ሰዎች ግማሽ ያህሉ በባክቴሪያው መያዛቸውን አሳይቷል። ባክቴሪያው በአብዛኛው የሚተላለፈው በልጅነት፣ በቤተሰብ ውስጥ፣ ከአፍ ወደ አፍ ወይም በሰገራ በተበከለ ውኃና ምግብ ነው። ካልታከመ ዕድሜ ልክ ሊቆይ ይችላል። ከተያዙት ብዙዎቹ ምንም ሕመም ሳይሰማቸው ይኖራሉ።

በደቡብ ምዕራብ፣ በሚዛን ተፈሪ፣ በቴፒና በዙሪያቸው ባሉ የቡና ወረዳዎች እንደ ሌላው አገር ሁሉ «ጨጓራ» የሚለው ቃል አካሉንም ሕመሙንም ይጠራል። «ጨጓራ አለብኝ» ያለ ሰው ቡናውን፣ በርበሬውን ወይም ሳይበላ መዋሉን ይወቅሳል። እነዚህ ነገሮች የተቆጣ ጨጓራን ሊያስቸግሩ ይችላሉ፤ ባክቴሪያውን ግን አያመጡም። ጀበናው ላይ የፈላ ውኃ ባክቴሪያውን ይገድለዋል፤ አሳሳቢው ሳይፈላ የሚጠጣው የምንጭ ውኃና ያልታጠበ እጅ ነው። በተቃራኒው ሕመሙን ሁሉ በባክቴሪያው ማሳበብም ስሕተት ነው። እንደ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ያሉ የሕመም ማስታገሻዎችን አዘውትሮ መዋጥም ቁስለት ያመጣል፤ ባክቴሪያው በሌለበትም ቃር የሚያሠቃያቸው ሰዎች አሉ።

በብዙ የጤና ተቋማት የሚሠሩት ምርመራዎች ሁለት ናቸው። የሰገራ አንቲጅን ምርመራ ባክቴሪያው አሁን መኖሩን ያሳያል። የደም ፀረ እንግዳ አካል ምርመራ ግን ሰውየው ከዳነ በኋላም ለረጅም ጊዜ አዎንታዊ ሆኖ ሊቆይ ስለሚችል፣ መድኃኒቱ መሥራቱን ለማረጋገጥ አይሆንም። የተለመደው ሕክምና አሲድ የሚቀንስ መድኃኒት (ለምሳሌ ኦሜፕራዞል) ከሁለት ፀረ ተሕዋስያን፣ ከአሞክሲሲሊንና ከክላሪትሮማይሲን ጋር አጣምሮ በሐኪም ትእዛዝ መውሰድ ነው። ሻል ሲል መድኃኒቱን ማቋረጥ ባክቴሪያው መድኃኒቱን እንዲለማመድ ያደርጋል። አዳዲስ ዘዴዎች፣ ናፕን ጨምሮ፣ የሚፈለጉትም በከፊል ክላሪትሮማይሲንን የተላመዱ ባክቴሪያዎች በዓለም ላይ እየበዙ ስለመጡ ነው።

ኢትዮጵያ በዚህ ርዕስ ላይ ያላት ድርሻ ግን ከበሽታው ስፋት ያልፋል። ባክቴሪያውና አለርጂ ስላላቸው ግንኙነት ከተደረጉት ጠቃሚ ጥናቶች አንዱ የተካሄደው በቡታጅራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 እና በ2006 ከነፍሰ ጡር እናቶች የጀመረውን ይህን ጥናት የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የእንግሊዙ ኖቲንግሃም ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አካሂደውታል፤ የተወለዱትንም ልጆች ለዓመታት ተከታትለዋል። ልጆቹ ሦስት ዓመት ሲሞላቸው ከአሥሩ አራት ያህሉ ባክቴሪያው ተገኝቶባቸዋል። ባክቴሪያው ያለባቸው ልጆች ችፌ የመያዝና ለአቧራ ቅንቅን አለርጂ የመሆን ዕድላቸው አነስ ብሎ ታይቷል፤ ልዩነቱ ግን በስታቲስቲክስ ሚዛን ጠርዝ ላይ ነበር። ጥናቱ የመዘነው የባክቴሪያውን መኖር እንጂ የናፕን ሥራ አይደለም። ስለዚህ ውጤቱን የፕሮቲኑ ማስረጃ አድርጎ ማቅረብ አይቻልም፤ ከአይጥ ሙከራዎቹ ጋር ግን አቅጣጫው አንድ ነው።

ከዚያ በፊት በጅማና በዙሪያዋ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመ ጥናት አስም ከገጠሩ ይልቅ በከተማው እንደሚበዛ አሳይቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው ተከታዩ ጥናት ደግሞ ብዙ የመንጠቆ ትል ያለባቸው ሰዎች ደረታቸው የሲር ሲር ድምፅ የማሰማት ዕድሉ አነስተኛ እንደሆነ ገለጸ። ነገሩን የሚያወሳስበው እዚህ ጋ ነው። ትላትል የመከላከል ሥርዓቱን ወደ ቲ ኤች 2 ሲጎትቱ ናፕ ወደ ቲ ኤች 1 ይጎትታል፤ ሆኖም ሁለቱም ከአለርጂ መቀነስ ጋር ተያይዘው ታይተዋል። ስለዚህ የሁለት ወገን ሚዛን ብቻውን ሁሉንም አይገልጽም፤ ብግነትን የሚያበርዱ ሌሎች ሕዋሳትም ድርሻ አላቸው።

ከዚሁ ጋር የሚነሣው «የአፍሪካ እንቆቅልሽ» የሚባለው ነው። በብዙ የአፍሪካ አገሮች ባክቴሪያው በስፋት ቢኖርም የጨጓራ ካንሰር የሚመዘገበው በጥቂቱ ነው። አንዱ ማብራሪያ ትላትል በባክቴሪያው የሚነሣውን ብርቱ ብግነት ያለዝባሉ የሚል ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2000 በአይጦች ላይ የተደረገ ሙከራ ይህንን ደግፏል። ሌሎች ተመራማሪዎች ግን እንቆቅልሹ እውነተኛ መሆኑን ይጠራጠራሉ፤ ኢንዶስኮፒ በሌለበት ካንሰሩ ሳይታወቅ ይቀራል ይላሉ። ከሚዛን ወይም ከቴፒ ዙሪያ ገጠር ለሚመጣ ታማሚ ኢንዶስኮፒ ማለት በአብዛኛው ሌላ ከተማ ድረስ መጓዝ እንደሆነ ለሚያውቅ ሰው ይህ ተቃውሞ ቀላል አይደለም።

ሊኖሩት የሚችሉ የሕክምና ጥቅሞች

ክትባት፦ በናፕ የተከተቡ አይጦች ከባክቴሪያው መጠበቃቸው እ.ኤ.አ. በ2000 ተዘግቧል። ናፕን፣ ካግኤንና ቫክኤን አንድ ላይ የያዘ በጡንቻ የሚሰጥ ክትባት በጀርመን በጤነኛ ፈቃደኞች ላይ ተሞክሮ እ.ኤ.አ. በ2008 በወጣው ውጤት ፀረ እንግዳ አካላትን በሚገባ አስገኝቷል፤ ከባድ ጉዳትም አልታየበትም። ወሳኙ ፈተና የመጣው በኋላ ነው። የተከተቡት ፈቃደኞች ባክቴሪያውን ሆን ብለው እንዲወስዱ ተደርጎ ሲታይ፣ ክትባቱ ካልተከተቡት የበለጠ ጥበቃ አልሰጣቸውም። ይህ ውጤት የታተመው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። በደም ውስጥ ፀረ እንግዳ አካል መገኘቱ ብቻ ጨጓራን እንደማይጠብቅ ከዚህ መረዳት ይቻላል። በንጽጽር፣ በቻይና ከ4,400 በሚበልጡ ሕፃናት ላይ የተሞከረውና በዩሪኤዝ ክፍል ላይ የተመሠረተው በአፍ የሚሰጥ ክትባት በመጀመሪያው ዓመት 72 በመቶ ገደማ ጥበቃ ማስገኘቱ እ.ኤ.አ. በ2015 ተዘግቧል፤ በእሱ ውስጥ ግን ናፕ የለም።

አለርጂና አስም፦ በእንቁላል ፕሮቲን አስም እንዲይዛቸው የተደረጉ አይጦች ናፕ ሲሰጣቸው በሳንባቸው የሚከማቹት ኢዮሲኖፊሎች ቀንሰዋል፤ አለርጂን የሚያባብሱት ኢንተርሊውኪን 4 እና 5፣ በደም ውስጥም ያለው አይ ጂ ኢ የተባለው ፀረ እንግዳ አካል ዝቅ ብለዋል። ቲ ኤል አር 2 በሌላቸው አይጦች ላይ ግን ይህ ጥቅም አልታየም፤ ይህም መንገዱ በዚያ ተቀባይ በኩል መሆኑን ያረጋግጣል። ሙከራው የታተመው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው። እዚህ ላይ አንባቢ ሊሳሳት የሚችልበት ነገር አለ። የተጣራ ፕሮቲን በልክ መስጠትና ባክቴሪያውን በጨጓራ ይዞ መኖር ፈጽሞ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ባክቴሪያው ከአስም ይጠብቀኛል ብሎ የቁስለት ሕክምናን መተው ለቁስለት፣ ለደም መፍሰስና ለካንሰር ራስን ማጋለጥ ነው።

ካንሰር፦ ብዙ ዕጢዎች ከመከላከል ሥርዓቱ ተደብቀው ያድጋሉ። ናፕ የሚቀሰቅሰው ብግነት ጨጓራን የሚጎዳ ቢሆንም፣ በዕጢ ውስጥ ቢቀሰቀስ መልካም ይሆናል የሚለው ሐሳብ የመነጨው ከዚህ ነው። የፊኛ ካንሰር ባለባቸው አይጦች ላይ ፕሮቲኑ የዕጢውን እድገት ቀንሷል። በአሜሪካ የማዮ ክሊኒክ ተመራማሪዎች ደግሞ የካንሰር ሕዋሳትን የሚያጠቃ የኩፍኝ ክትባት ቫይረስ ወስደው የናፕን ዘረመል አስገቡበት፤ ቫይረሱ የገባባቸው ሕዋሳት ፕሮቲኑን እያመረቱ ወደ ውጭ ይለቅቃሉ። ይህ ቫይረስ የተሠራጨ የጡት ካንሰር ባለባቸው ሕሙማን ዕጢ ውስጥ በቀጥታ እየተወጋ ደኅንነቱን በሚመዝን የመጀመሪያ ደረጃ ሙከራ ላይ ውሏል። በስዊድን ኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ካንሰርን እንዲለዩ በዘረመል የተለወጡ ቲ ሕዋሳት ናፕን እንዲያመርቱ ተደርገዋል። እ.ኤ.አ. በ2022 በታተመው ውጤት መሠረት እነዚህ ሕዋሳት በአይጦች ላይ ዕጢን በብርቱ ከመዋጋታቸውም በላይ፣ ያልተለወጡት የአይጡ የራሱ ቲ ሕዋሳትም በጦርነቱ እንዲሳተፉ ቀስቅሰዋል።

እነዚህ ዘዴዎች ለእንደኛ ዓይነት አገር አንድ የተለየ ጥያቄ ያስነሣሉ። ከሕዝቡ ግማሽ ያህሉ ባክቴሪያውን ተሸክሞ በሚኖርበት ቦታ የብዙ ሰው ሰውነት ናፕን ቀድሞ ያውቀዋል። ያ ትውውቅ የሚሰጠውን ፕሮቲን በፀረ እንግዳ አካል ሊያከሽፈው ይችላል፤ በተቃራኒው የተዘጋጁ ቲ ሕዋሳት በመኖራቸው ምላሹን ሊያጠነክረውም፣ ከልክ በላይ ሊያደርገውም ይችላል። መልሱ የሚገኘው ባክቴሪያው በሚበዛባቸው አገሮች ራሳቸው ሙከራ ሲደረግ ነው። ለኩፍኝ ቫይረሱም ተመሳሳይ ጥያቄ አለ፤ አብዛኛው ሰው የኩፍኝ ክትባት ወስዷል ወይም በሽታው ይዞታል። ቫይረሱ በደም ሥር ከመሰጠት ይልቅ በቀጥታ ወደ ዕጢው መወጋቱ ይህን መሰናክል ለማለፍ ይረዳል።

አመራረት

ለምርምር የሚውለው ናፕ በአብዛኛው ከጨጓራ ባክቴሪያው በቀጥታ አይወሰድም፤ ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ ለማራባት አስቸጋሪና ቀርፋፋ ነው። ዘረመሉ ወደ ኢ ኮላይ ተዛውሮ ፕሮቲኑ በብዛት ከተመረተ በኋላ ይጣራል። የኢ ኮላይ ግድግዳ ግን ኢንዶቶክሲን የተባለ ብርቱ ብግነት ቀስቃሽ ስላለው፣ ጥቂቱ እንኳ ከፕሮቲኑ ጋር ቢቀር የታየው መነቃቃት የናፕ ይሁን የቆሻሻው ለመለየት ያስቸግራል። ስለዚህ የዚህን ዘርፍ ጽሑፍ የሚያነብ ተማሪ ኢንዶቶክሲኑ እንዴት እንደተወገደ የሚናገረውን የአሠራር ክፍል ቀድሞ ቢመለከት ጥሩ ነው። አንዳንድ ቡድኖች ችግሩን ከሥሩ ለማስቀረት ፕሮቲኑን የሚያመርቱት ኢንዶቶክሲን በሌለው ባሲለስ ሰብቲሊስ በተባለ ሌላ ባክቴሪያ ውስጥ ነው።